ባሕር ዳር ላይ የማርሽ እጀታ «በነፃ እንገጥማለን» የሚሏችሁን ተጠንቀቁ

ባሕር ዳር ውስጥ ማንዋል ቪትዝ፣ ያሪስ ወይም ኮሮላ የምትነዱ ወንድሞችና እህቶች፣ ይቺን ሳታነቡ እንዳታልፉ። የሚያብረቀርቅ የማርሽ እጀታ «ለሁሉም መኪና ይሆናል» እያሉ የሚሸጡ በርክተዋል። እጀታው ካማራችሁ ግዙት፣ ጌጥ ነው፣ ማንም አይከለክላችሁም። እዚያው ቆማችሁ «መግጠሚያው በነፃ ነው» ሲሏችሁ ግን ቁልፉን እንዳታቀብሉ።

እኔ ላይ የደረሰው እንዲህ ነው። ዋጋው 1,800 ብር ተባለ፣ ተስማማን። የሱቁ ልጅ የፋብሪካውን እጀታ በእጁ ወደ ግራ አዙሮ ፈታው፤ እስከዚህ ድረስ ትክክል ነው። አዲሱ ግን ውስጡ እንደ ዳዶ የሚጠመዘዝ የራሱ ጥርስ የለውም። ውስጡ የፕላስቲክ ቱቦ ይገባበትና ከጎን በሦስት ትንንሽ የብሩጎላ ብሎኖች ይጨመቃል። የማርሹ ዘንግ ላይ አዙሮ ሲያጠብቀው አናቱ ላይ ያለው የማርሽ ቁጥር ወደ ተሳፋሪው በር ዞሮ ቀረ። ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ቁጥሩ ቀጥ እንዲል ሩብ ዙር ያህል መልሶ አላላው፣ ውስጡ ኮላ አፈሰሰበት፣ ብሎኖቹን አጠበቀና «አይዞህ ወንድሜ፣ መኪናው ይሸጣል እንጂ ይሄ አይወልቅም» አለኝ።

መኪናው አልተሸጠም፣ እጀታው ግን ወለቀ። የጎንደርን መንገድ ይዤ ወረታ ሳልደርስ መወዛወዝ ጀመረ። ስመለስ ዓባይ ማዶ ሰልፍ ውስጥ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ስቀይር መዳፌ ላይ ቀረ። ከኋላዬ ያለው ሚኒባስ ጡሩምባውን ይነፋል፣ እኔ እርቃኑን የቀረ ዘንግ በሁለት ጣት ይዤ ማርሽ እፈልጋለሁ። ጋራዥ ደርሰን ስናየው የዘንጉ ጥርስ ሦስት ቦታ ላይ ተነክሶ ተጨፍልቋል፣ መሐሉ ላይ የደረቀ ኮላ ነጭ ሆኖ ተጣብቋል። የድሮውን እጀታ መልሰን ልንገጥም ብንሞክር ሁለት ዙር ሄዶ ተቀርቅሮ ቆመ። ቶርኖ ቤት ወስጄ ጥርሱን በመሣሪያ አስጠርጌ ነው የዳነው።

የድሮውን እጀታ ከየት አገኘሁት? ልጁ «ምን ይሠራልሃል» ብሎ አስቀርቶት ነበር። ስመለስ መደርደሪያቸው ላይ፣ ከሌሎች ኦርጅናሎች ጋር፣ ዋጋ ተለጥፎበት ተቀምጧል። የራሴን ዕቃ ተከራክሬ ነው የተረከብኩት። ስለዚህ የተፈታውን እጀታ ኪሳችሁ ሳትከቱ ከዚያ ሱቅ አትውጡ።

አሁን ስለ ልኩ። እጀታ ሲገዛ የሚጠየቀው የዘንጉ ውፍረትና የጥርሱ ክፍተት ነው። ቶዮታ ማንዋል በአብዛኛው 12 ሚሊ በ1.25 ነው። ኒሳንና ማዝዳ 10 በ1.25፣ ሆንዳ 10 በ1.5 ይጠቀማሉ። ሻጩ ይህን ሲጠየቅ «ሁሉም አንድ ነው» ካለ ነገሩ አልቋል። ልኩ የሆነ እጀታ የብረት ጥርስ አለው፣ በባዶ እጅ እየተሽከረከረ ይገባል፣ ቱቦም ኮላም አይፈልግም።

ቁጥሩን ቀጥ ማድረግ ደግሞ በማላላት አይሆንም። መጀመሪያ ከእጀታው ጋር ጥርሱ የሚመሳሰል ቀጭን ዳዶ ዘንጉ ላይ ወደ ታች ይወርዳል። እጀታው ቢያንስ ስድስት ሰባት ዙር ከገባ በኋላ ቁጥሩ ፊት ለፊት ሲመጣ ማዞሩ ይቆማል። ያን ጊዜ ዳዶው ከታች ወደ ላይ ተመልሶ እጀታውን ይደግፋል፤ እጀታውን በእጅ ይዞ ዳዶውን በኪያቬ ማጥበቅ ነው። ዳዶው የሚገባበት ቦታ ከሌለ ጥርሱ ላይ ትንሽ ቴፍሎን (የቧንቧ ሠራተኞች ነጭ ቴፕ) መጠቅለል ይበቃል፣ ነገ መፍታት ሲያስፈልግም አያስቸግርም። በቃ፣ ሥራው የደቂቃዎች ነው።

ቁጥሩ ራሱም ቢሆን ውሸት ሊሆን ይችላል። የሸጡልኝ ባለ ስድስት ማርሽ ነው፤ «አር» (የኋላ ማርሽ) የተጻፈው ግራ ላይ፣ ከአንደኛው ጎን ነው። የኔ መኪና አምስት ማርሽ ነው፣ የኋላ ማርሹ ያለው ቀኝ ወደ ታች፣ ከአምስተኛው ሥር ነው። እኔ መኪናዬን አውቃታለሁ፣ መኪናዬን የምትዋሰኝ እህቴ ግን አታውቅም። ሐይቁ ዳር አቁሞ ቁጥሩን አይቶ ወደ ኋላ ልመለስ ያለ ሰው አንደኛ አስገብቶ ወደ ጣና ነው የሚሄደው።

አውቶማቲክ ያላችሁ ከነጭራሹ አትሞክሩት። እጀታው ላይ ያለው የሚጫን ቁልፍ ዘንጉ ውስጥ ያለውን ሽቦ ወይም ቀጭን ብረት ገፍቶ ነው ከፓርኪንግ የሚያስወጣችሁ። ቁልፍ የሌለው እጀታ ተገጥሞ መኪናው ቆሞ ቢቀር አይግረማችሁ። ከእጀታው ሥር ተነስቶ የኋላ ማርሽ የሚያስገባ ቀለበት ያላቸው መኪኖችም እንደዚያው ናቸው።

«አሉሚኒየም ነው» የተባለውም በጥፍር ሲፋቅ ጥቁር ፕላስቲክ ነው የወጣው። እውነተኛ ብረት ቢሆንም ግን ባሕር ዳር ላይ በቀትር ፀሐይ ያቆማችሁት እንደሆነ መዳፍ ያስጮኻል። ቆዳ ወይም ጎማ የለበሰ ይሻላል።

ገንዘቤ ይመለስ ስል «ደረሰኝህ የታለ» ተባልኩ። ሲሸጡልኝ ደረሰኝ ብጠይቅ «ማሽኑ ተበላሽቷል» ብለው ነበር። በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ነጋዴ ለሸጠው ዕቃ ደረሰኝ መስጠት ግዴታው ነው። ማሽኑ ተበላሽቷል ካሏችሁ ወይ ማሽኑ እስኪሠራ ጠብቁ፣ ወይ ሌላ ሱቅ ሂዱ። ደረሰኙ ላይም «የማርሽ እጀታ» ብቻ እንዳይጽፉ፣ የመኪናውን ዓይነትና 12 በ1.25 መሆኑን አጽፉ።