የአባቴን ኤፍ 1 የመለሰችለት ባለሙያ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ይህን የምጽፈው አንዲት የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያን ለማመስገን ነው። ሳላስፈቅዳት ስሟን አደባባይ ላይ ማውጣት ልክ አይመስለኝም። አሮጌ ኮምፒውተር ይዞ የተቸገረ ካለ ግን በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ እሷን ጠይቄ አገናኛለሁ።

አባቴ ኮምፒውተር የለመደው ጡረታ ከወጣ በኋላ ነው። አጠገቡ ቁጭ ብሎ ያስተማረው ሰው የለም። ያስተማረው ኪቦርዱ ላይ ያለችው የኤፍ 1 ቁልፍ ናት። ዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ ያቺን ቁልፍ ሲነካት «ሄልፕ ኤንድ ሳፖርት» የሚባለው የእገዛ መስኮት ይከፈትለታል። እዚያ ውስጥ ይፈልጋል፣ ያነባል፣ ከዚያ ባለ መስመር ደብተሩን ያወጣል። ከላይ «የፋይል ስም ለመቀየር» ብሎ በቀይ እስክሪብቶ ይጽፋል። ከሥሩ ደግሞ አንድ በአንድ በራሱ አማርኛ ይዘረዝራል። እንዲህ እያለ አንድ ደብተር ጨርሶ ሁለተኛውን ጀምሯል።

ኮምፒውተሩ ኢንተርኔት የለውም። ሆን ብለን ነው ያላገናኘነው። ኤክስፒ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ነው፤ ማይክሮሶፍት ድጋፉን ያቆመው ሚያዝያ ወር 2014 ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ መደበኛ የደህንነት ማስተካከያ ስለማይመጣለት ኢንተርኔት ላይ ማውጣቱ ያሰጋል። ስለዚህ ለአባቴ «ጎግል አድርገው» የሚባል ነገር የለም። ያለው እገዛ ማሽኑ ውስጥ ያለው ብቻ ነው።

አንድ ቀን ኤፍ 1 እምቢ አለ። መስኮቱ በመከፈት ፈንታ «አንድ የሲስተም ሰርቪስ ስላልተነሳ ሄልፕ ኤንድ ሳፖርትን መክፈት አልተቻለም» የሚል የእንግሊዝኛ መልእክት መጣ። ሰርቪስ ማለት ከጀርባ ሆኖ የሚሠራ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። አባቴ ያበላሸው እሱ መስሎት ደነገጠ። ሳምንት ሙሉ ማሽኑን አላበራውም። እኔን ያሳዘነኝ ከብልሽቱ ይልቅ ይሄ ነው።

ሁለት ሰዎች አየሁት ብለው ሄደዋል። አንዱ «ፎርማት ይደረግ» አለ። አባቴ የሚሠራበት የድሮ የሂሳብ ፕሮግራም ግን ሲዲው ከጠፋ ቆይቷል፤ ፎርማት ከተደረገ መልሶ የሚጭነው የለም። ሌላው ደግሞ «ይሄን ማን ይጠቀመዋል? ተዉት» ብሎ ነገሩን ዘጋው። እሱ ባይጠቀመው አባቴ ይጠቀመዋል፤ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ነበር እኮ።

እሷ ስትመጣ ማሽኑን ከመንካቷ በፊት ወደ አባቴ ዞረች።

«አባባ፣ መልእክቱ የመጣ ቀን ምን እየሠሩ ነበር?»

«ልጄ፣ እኔ ምንም አልነካሁም።»

«አውቃለሁ፣ እርስዎ አላበላሹትም። ከዚያ በፊት ሌላ ሰው ነክቶት እንደሆነ ብዬ ነው።»

አባቴ ትንሽ አሰበና አስታወሰ። ማሽኑ ቀርፋፋ ነው ብሎ «ላፍጥንልዎት» ያለ ሰው ነበር። እኔ ይህን አላውቅም ነበር፤ የቀደሙት ሁለቱም አልጠየቁም። ያ አንድ ጥያቄ ግማሹን ሥራ ጨረሰው።

መጀመሪያ የአባቴን ፋይሎች በሙሉ ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ገለበጠች። መገልበጥ ብቻ አይደለም፣ ከውስጡ የተወሰኑትን ከፍታ መሥራታቸውን አረጋገጠች። ቀጥላ ሲስተሙ ወደነበረበት የሚመለስበትን ሪስቶር ፖይንት ፈጠረች። ከዚያ በኋላ ነው «ራን» የሚባለው የትእዛዝ መጻፊያ ላይ ገብታ የሰርቪሶቹን ዝርዝር የከፈተችው። «ሄልፕ ኤንድ ሳፖርት» የሚለው ሰርቪስ «ዲሴብልድ» (ጭራሽ እንዳይነሳ) ተደርጎ ተገኘ። ያ ሰው ማሽኑን ለማፍጠን ብሎ ካጠፋቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው። እሷ እንዳስረዳችን፣ ሰርቪሱ «ማንዋል» ላይ ቢተው ኖሮ ሲፈለግ ራሱ ይነሳ ነበር፤ ዲሴብልድ ሲደረግ ግን መንገዱ ጭራሽ ይዘጋል። «ኦቶማቲክ» ላይ አድርጋ «ስታርት» አለችው። አባቴን «ይንኩት» አለችው። ኤፍ 1ን በሌባ ጣቱ ቀስ ብሎ ነካ። መስኮቱ ተከፈተ።

ሌላ ባለሙያ ቢሆን እዚህ ላይ ዕቃውን ይሰበስብ ነበር። እሷ ግን አንድ በአንድ መሞከሯን ቀጠለች። ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ያሉት የእገዛ ሊንኮች ሲነኩ ዝም ይላሉ። አባቴ «እነሱ ከድሮም አይሠሩም» አለ። ለምን እንደሆነ ሬጅስትሪ (የዊንዶውስ ቅንብሮች የሚቀመጡበት መዝገብ) ውስጥ ገብታ አየች። የእገዛ መስኮቱን ገጾች የሚከፍተውን፣ «ኤችሲፒ» የሚባለውን የሊንክ ዓይነት የሚያስተናግደው ቁልፍ (የኪቦርድ ሳይሆን የመዝገቡ ክፍል) ተሰርዟል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2010 በዚህ የእገዛ ማዕከል ላይ አደገኛ የደህንነት ክፍተት ተገኝቶ ነበር። ማስተካከያው በሐምሌ እስኪወጣ ድረስ ቁልፉን መሰረዝ እንደ ጊዜያዊ መከላከያ ይመከር ነበር። ያኔ የሰረዘው ሰው ጥሩ አድርጓል፤ መልሶ ማስገባቱን ነው የረሳው። ደግነቱ የቁልፉ ቅጂ ዲ ድራይቭ ላይ ተቀምጦ ነበር። ወዲያው አልመለሰችውም። መጀመሪያ የተጫኑትን አፕዴቶች ዝርዝር ከፍታ የሐምሌው ማስተካከያ መግባቱን አየች። ከዚያ መለሰችው። ይህቺን ጥንቃቄ እኔ በግሌ ከሁሉም በላይ አደነቅኳት።

የመጨረሻው ደግሞ ያልጠየቅናት ነው። የሂሳብ ፕሮግራሙ የራሱ መመሪያ አለው፤ ሲኤችኤም የሚባለው ዓይነት ፋይል። ሲከፈት በግራ በኩል ማውጫው ይታያል፣ በቀኝ ያለው ገጽ ግን ሊታይ አልቻለም ይላል። ከሌላ ኮምፒውተር የመጣ ፋይል ስለሆነ ዊንዶውስ አግዶት ይሆናል ብላ ገመተች። ፋይሉን በቀኝ ክሊክ «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ ገብታ «አንብሎክ» (እገዳ ማንሻ) የሚለውን ፈለገች። የለም። ግምቷ ልክ እንዳልነበረ ነገረችን። ከዚያ የፎልደሩን ስም አየችና ፈገግ አለች። አባቴ ሁለት ቅጂ ስለነበረው እንዳይምታታበት «መመሪያ #2» ብሎ ሰይሞታል። ለካ የመሰላሏ ምልክት (#) በፋይሉ አድራሻ ውስጥ ካለች እንዲህ ዓይነት ፋይል ገጹን አያሳይም! ምልክቷን አጥፍታ «መመሪያ 2» አለችው። ሠራ።

ሁሉንም ስትሠራ አባቴን ከወንበሩ አላስነሳችውም። እሷ ጎኑ ቆማ ትነግረዋለች፣ እሱ ይነካል። ሬጅስትሪው ላይ ብቻ «ይህን እኔ ልሥራው፣ አንድ ስህተት ብዙ ያበላሻል» አለች። ስትጨርስ የቀየረችውን ሁሉ በወረቀት ጽፋ ሰጠችው። አባቴ ያንን ወረቀት ሁለተኛው ደብተሩ ውስጥ በማጣበቂያ ለጥፎታል።

የማትችለውንም አልደበቀችንም። ሃርድ ዲስኩ አርጅቷል፣ መቼ እንደሚሞት ማንም አያውቅም፣ ስለዚህ ቅጂውን በየወሩ አድሱ አለች። ይህን ማሽን ኢንተርኔት ላይ እንድታገናኝ ብትለምኗትም እሺ አትልም።

እናመሰግንሻለን፣ እኔም አባቴም። የምትፈልጓት ደግሞ ጻፉልኝ። ከመጻፋችሁ በፊት ግን ስክሪኑ ላይ የሚመጣውን የስህተት መልእክት በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነና ከዚያ በፊት ማን እንደነካውም አስታውሱ። መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ ያንን ነው።