አሉሚኒየም ክሎራይድ ወይስ ይተርቢየም ትራይፍሌት?

የአሉሚኒየም ክሎራይድ ጠርሙስ ሲከፈት ነጭ ጭስ ይወጣዋል። ከአየሩ እርጥበት ጋር ተገናኝቶ የሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ እየለቀቀ ነው። አፍንጫ ይሰነፍጣል! ኬሚስቶቹ ፍሪዴልና ክራፍትስ እ.ኤ.አ. በ1877 ያስተዋወቁት ይህ ሉዊስ አሲድ (ጥንድ ኤሌክትሮን የሚቀበል ውህድ) ከውሃ ጋር አይስማማም።

ላንታናይድ ከሚባሉት ብረቶች ወገን የሆነው የይተርቢየም ጨው፣ ይተርቢየም ትራይፍሌት፣ እሱም ሉዊስ አሲድ ነው፤ ግን ውሃ ውስጥም ይሠራል። ጃፓናዊው ኬሚስት ሹ ኮባያሺ እ.ኤ.አ. በ1991 በውሃ ከሟሟ ፎርማልዲሃይድ ጋር የአልዶል አጸግብሮት (ሁለት የካርቦን ውህዶችን የሚያጣብቅ) ሠርቶበታል።

ዋናው ልዩነት ግን ሌላ ቦታ ነው። አኒሶል በሚባል ባለ ቀለበት የካርቦን ውህድ ላይ አሲታይል የሚባል የአተሞች ቡድን እንጨምር እንበል። አሉሚኒየም ክሎራይዱ የተገኘውን ምርት፣ ኪቶኑን፣ ሙጭጭ ብሎ ይይዘዋል፤ አይለቅም። ስለዚህ ለአንድ ሞል ምርት ከአንድ ሞል በላይ እሱን መጨመር ግድ ነው። እንዲህ ከሆነ ካታሊስት (ራሱ ሳያልቅ አጸግብሮቱን የሚያፋጥን) ማለቱም ይከብዳል። መጨረሻ ላይ ድብልቁ በረዶ ላይ ይደፋል፣ አሉሚኒየሙም ቆሻሻ ሆኖ ይቀራል። ይተርቢየሙ ኪቶኑን ለቆ ወደ ሥራው ስለሚመለስ ጥቂቱ ይበቃል። ሲያልቅ ውሃ ይጨመራል፣ የይተርቢየሙ ጨው ወደ ውሃው ይወርዳል፣ ውሃው ተንኖ ሲደርቅ ለሚቀጥለው ዙር ዝግጁ ነው።

በዋጋ አሉሚኒየሙ በጣም ርካሽ ነው። እንደ ቤንዚን (የመኪናው ነዳጅ ሳይሆን C₆H₆) ያለ ሰነፍ፣ ቶሎ የማይጸገበር ቀለበት ሲመጣም ይተርቢየሙ አቅም ያንሰዋል። ለአኒሶል ግን እኔ ይተርቢየሙን አነሳለሁ።