ነጠላቸው ቢጫ ሆኖ ለታያቸው እናት የደረሰች ፋርማሲስት፤ እግዚአብሔር ይስጥልን

ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ በኩል ካሉት መድኃኒት ቤቶች በአንዱ የምትሠራ ፋርማሲስት እህት አለችን። «ስሜን እንዳትጽፉ» ስላለች ትተነዋል እንጂ በትልቁ ተጽፎ ቢሰቀል ደስ ባለን። እንዲህ የምንለው በጤና ጣቢያ የልብ ታካሚዎችን የምንከታተል ባለሙያዎች ነን። እሷ ያየችው ነገር ከማንኛችንም ዓይን ማምለጥ አልነበረበትም።

ታካሚዋ ከመንዝ የሚመጡ እናት ናቸው። በልጅነት የቶንሲል ሕመም መዘዝ የልባቸው ቫልቭ ጠቧል፣ ምቱም የተዛባ ነው። ለዓመታት የወሰዱት የልብ ምት የሚያረጋጋውን ዲጎክሲን ባለ 0.25 ሚሊግራሙን በቀን ግማሽ ፍሬ፣ የሚያሸናውን ላሲክስ 40 ሚሊግራም ጠዋትና ቀትር፣ ማታ ደግሞ ደም እንዳይረጋ የሚከላከለውን ዋርፋሪን ነው። ሐምሌ ላይ ነጠላቸው ቢጫ ሆነባቸው። ቢያጥቡት ቢያጥቡት አልነጣ ሲላቸው በሳሙናው አሳበቡ፣ ልጃቸውንም ተቆጡ። ቀጥሎ ኖራ የተቀባው ግድግዳ አረንጓዴ እየመሰለ መጣ፤ ማታ ማታ በአምፖሉ ዙሪያ ቀለበት ይታያቸው ጀመር።

ከዚያ በኋላ የተንከራተቱት መንከራተት ያበሳጫል። አንዱ ጋ መነጽር ተለካላቸው፣ ከፈሉ። ሌላው ጋ የዓይን ጠብታ ተሰጣቸው። ሦስተኛው ጋ «የወፍ በሽታ ይሆናል» ተብለው ለጉበት ምርመራ ደም ሰጡ። የወፍ በሽታ የያዘው ሰው የገዛ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል እንጂ የሰው ነጠላ ቢጫ ሆኖ አይታየውም! ይህን ለመለየት ምንም መሣሪያ አያስፈልግም። ይበልጥ የሚያንገበግበው ግን ሦስቱም ጋ «ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» ተብለው «የልብ» ማለታቸው፣ ካርዱም ላይ «የልብ» ተብሎ ተጽፎ መታለፉ ነው። የትኛው የልብ? ስንት? ማንም አልጠየቀም።

ፋርማሲስቷ ጋ የሄዱት ያንኑ ጠብታ ለመድገም ነበር። ማዘዣውን ተቀብላ ወደ መደርደሪያው አልዞረችም። «እናቴ፣ የለበሱት ነጠላ ምን ዓይነት ነው?» አለቻቸው። «ዱሮ ነጭ ነበር ልጄ፣ አሁን ቢጫ ነው» አሏት። ነጠላው በረዶ የመሰለ ነጭ ነው። መጀመሪያ አንዱን ዓይን፣ ቀጥሎ ሌላውን አስሸፈነቻቸው፤ በሁለቱም ያው ነው። ድንገት ነው ወይስ ቀስ በቀስ? ምግብስ ይበላሉ? ያቅለሸልሽዎታል? እያለች ጠየቀችና መድኃኒቱን ሁሉ አውጡ አለች። ልጅቱ ፌስታሉን ባንኮኒው ላይ ገለበጠችው።

የወጣው ጉድ ይህ ነው። «ዲጎክሲን» የሚል ፓኬት አለ፤ «ላኖክሲን» የሚልም አለ። ሁለቱ ስሞች የአንድ መድኃኒት ናቸው። በመሐል ሌላ ቦታ ታክመው ኖሮ በአዲሱ ስም በቀን አንድ ሙሉ ፍሬ ታዞላቸዋል፤ አሮጌውን ግማሽ ግን ያቁሙ ያላቸው የለም። ስለዚህ ከ0.125 ወደ 0.375 ሚሊግራም፣ ማለትም ወደ ሦስት እጥፍ ደርሰዋል። የዲጎክሲን መብዛት መጀመሪያ የሚያሳየው ምግብ መዝጋትና ማቅለሽለሽ ነው። ያ ደግሞ «ጨጓራ» ተብሎ የጨጓራ ባክቴሪያ መድኃኒት ተሰጣቸው፤ ውስጡ ክላሪትሮማይሲን አለበት። ክላሪትሮማይሲን ዲጎክሲን ከሰውነት እንዳይወጣ ያግዳል፣ የዋርፋሪንንም ጉልበት ይጨምራል። እሳት ላይ ቤንዚን ማለት ይኸው ነው።

ላሲክሱም አለበት። ከሽንት ጋር ፖታሲየም የተባለውን ማዕድን ያስወጣል። ዲጎክሲንና ፖታሲየም በሕዋሱ ላይ የሚሻሙት አንድ ቦታ፣ ማለትም ማዕድን የሚያስገባና የሚያስወጣ ፓምፕ፣ ስለሆነ ፖታሲየም ሲያንስ ዲጎክሲኑ እንደ ልቡ ይይዘዋል፤ በልክ የተወሰደው እንኳ መርዝ ሊሆን ይችላል። ቀለም የሚለዩት የዓይን ሕዋሳትም በዚያው ፓምፕ ስለሚሠሩ ይታወካሉ። ዓይኑ ሲመረመር ጤነኛ ሆኖ የሚገኘው፣ መነጽርና ጠብታም የማይፈይዱት ለዚህ ነው። አዲስ ነገርም አይደለም፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ዊዘሪንግ የዲጎክሲን ወገን የሆነ መድኃኒት የሚገኝበትን ተክል የወሰዱ ሰዎች ነገሩ ሁሉ ቢጫና አረንጓዴ እንደሚሆንባቸው በ1785 እ.ኤ.አ. ጽፎታል።

ከዚያ የልብ ምታቸውን ሙሉ አንድ ደቂቃ ሰዓት ይዛ ቆጠረች። ምቱ ለተዛባ ሰው በ15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ያሳስታል። 46 ሆነ፤ ዝቅተኛ ነው። ወዲያው ሆስፒታል ደወለች፤ በወረቀትም የመድኃኒቶቹን ስም፣ መጠንና የመጨረሻው ዲጎክሲን የተዋጠበትን ሰዓት ጻፈች። ሰዓቱ የሚያስፈልገው የዲጎክሲን መጠን በደም የሚለካ ከሆነ ቢያንስ 6 ሰዓት ማለፍ ስላለበት ነው። «ዲጎክሲኑን ሐኪም ሳያይዎት አይድገሙ፤ ዋርፋሪኑን በራስዎ አይንኩት፣ ዛሬውኑ አይ ኤን አር፣ የደም መርጋት ምርመራው፣ ይሠራ» ብላ ባጃጅ ጠርታ ላከቻቸው። የጠብታውንም ብር አልተቀበለችም።

ሆስፒታል ኢሲጂ፣ የልብ የኤሌክትሪክ ምርመራ፣ ተነሡ። ፖታሲየማቸው ዝቅ ብሎ 2.9 ሆኖ ተገኘ፤ አይ ኤን አራቸው ከ2 እስከ 3 መሆን ሲገባው 4.8 ደርሷል። ተኝተው ፖታሲየም ተሰጣቸው፣ ዲጎክሲኑና ክላሪትሮማይሲኑ ቆመ፣ ዋርፋሪኑ ተስተካከለ። በሁለት ሳምንት ነጠላው ነጣ። ለፋርማሲስቷ ባና ይዘውላት መጡ፤ ጥቁር ነው፣ «ነጩን አላምነውም» ብለው።

የልብ ታካሚ ዓይን ላይ የሚመጣ ሁሉ ግን የመድኃኒት ጣጣ አይደለም። አንድ ዓይን ብቻ ድንገት መጋረጃ እንደወረደበት ጨልሞ ከደቂቃዎች በኋላ ከተመለሰ፣ ከልብ የተነሣ የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል፣ «ተሻለኝ» ተብሎ አይታደርም፤ ከመሐል ሜዳም ሆነ ከደብረ ሲና በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነው። ብድግ ሲሉ ብቻ ለሰከንዶች የሚጨልም ከሆነ ግፊቱ ተቀምጦም ቆሞም ይለካ። አሚዮዳሮን የተባለውን የልብ ምት ማስተካከያ የሚወስዱም በመብራት ዙሪያ ቀለበት ሊያዩ ይችላሉ፤ እሱ አብዛኛውን ጊዜ እይታን አይጎዳም፣ ግን ለሐኪም ይነገር።

እናንተ በሰሜን ሸዋ የልብ ታካሚ ያላችሁ፣ ይህችን ፋርማሲስት ፈልጋችሁ አማክሯት! መድኃኒት ቤቱን ለጠየቀን በውስጥ እንነግራለን። ስትሄዱ የልቡን ብቻ ሳይሆን የጨጓራውንም የማስታገሻውንም፣ ባዶውን ፓኬት ሳይቀር፣ በአንድ ፌስታል ያዙ።