«16 ቴራባይት ኤስኤስዲ በጥቂት ሺህ ብር» ሲሏችሁ እንዳትገዙ

አሮጌ ኮምፒውተራችሁን ሰርቨር (ለቤቱ ሁሉ ፋይል የሚያቀርብ ማሽን) አድርጋችሁ ቤት ውስጥ ፎቶ፣ ፊልምና የሥራ ፋይል የምታስቀምጡ ሁሉ ተጠንቀቁ። በቴሌግራም ቻናሎችም በሱቆችም «16 ቴራባይት (16 ሺህ ጊጋባይት ያህል) ኤክስተርናል ኤስኤስዲ»፣ ማለትም ከውጭ የሚሰካ ፈጣን ዲስክ፣ እየተባለ በጥቂት ሺህ ብር የሚቸበቸበው ዕቃ ውሸት ነው። ሳምሰንግ በ2023 እ.ኤ.አ. 8 ቴራባይት የሚይዘውን ቲ5 ኢቮ ሲያወጣ ዋጋው 650 ዶላር ገደማ ነበር። እጥፉን በዚያ ሽራፊ የሚሸጥላችሁ ማን ነው?

ሰሞኑን አንድ ቤተሰብ «ዋይፋዩ ፊልም እያቆመብን ተቸገርን» ብለው ጠሩኝ። ራውተርም ገመድም ቀይረዋል። እኔ ኔትወርኩን ወደ ጎን ትቼ ፊልሙን እዚያው ሰርቨሩ ላይ ከፈትኩት፤ እዚያም ቆመ። እንግዲህ ራውተሩ ምንም አላጠፋም። ፎቶዎቹን ስናይ የፋይሉ ስምም መጠኑም በትክክል ተጽፏል፣ ምስሉ ግን ግማሹ ግራጫ ነው፤ ብዙዎቹ ጭራሽ አይከፈቱም። ፋይሎቹ የተቀመጡበትን፣ ሰርቨሩ ላይ የተሰካውን «16 ቴራባይት» ዲስክ ሽፋን ስንፈታው ውስጡ አንዲት ትንሽ ሰርኪትና በሙጫ የተለጠፈች 64 ጊጋባይት ማይክሮ ኤስዲ ካርድ ብቻ ነበረች። የተረፈው ባዶ ፕላስቲክ ነው።

የኮንትሮለሩ (ዲስኩን የሚቆጣጠረው ቺፕ) ሶፍትዌር ለኮምፒውተሩ «16 ቴራባይት ነኝ» ብሎ እንዲዋሽ ተደርጓል። እውነተኛው ቦታ ሲሞላ አዲሱ ፋይል በአሮጌው ላይ ይጻፋል፣ ወይም የትም ሳይቀመጥ ይቀራል። «ኮፒው ተጠናቋል» የሚለው መልእክት ግን ይመጣል! ሰው የሚነቃው ከወራት በኋላ ነው።

ይህ ነገር በጣም የሚያንገበግበኝ ደግሞ ለምን እንደምናስቀምጥ ስለማውቅ ነው። በ2012 ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ተዘግቷል። በ2015 ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ተገድበው ነበር። በአማራ ክልልም ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ሰው ሁሉ ደመና ላይ (በኢንተርኔት ብቻ በሚገኝ ማስቀመጫ) ያለውን ፋይሉን ማየት አቅቶት ነበር። ኢንተርኔት በትእዛዝ በሚዘጋበት አገር የቤት ውስጥ ቅጂ ቅንጦት አይደለም። መዝጋቱ በግልጽ ሕግና በፍርድ ቤት ቁጥጥር ሥር እስኪገባ ድረስ እንዲህ ያለ የውሸት ዲስክ የሚወስድብን ከገንዘባችንም በላይ ነው።

ስትገዙ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ «ደረሰኝ የለንም» ካሉ ትታችሁ ውጡ። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ ማስቀየር ወይም ገንዘብ ማስመለስ ይፈቅድላችኋል። ቀኑ ሳያልፍ ፈትሹ። በዊንዶውስ ኤች2ቴስትደብሊው፣ በሊኑክስ ኤፍ3 የሚባሉ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ፤ ዲስኩን በፋይል ሞልተው መልሰው ያነቡታል። 16 ቴራባይት ሙሉውን በዩኤስቢ 2.0 (በአሮጌው፣ ዝግ ባለው የዩኤስቢ ዓይነት) ፍጥነት ለመፈተሽ ከስድስት ቀን በላይ ይፈጃል። ነገር ግን እንዲህ ዓይነቱ ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ ገና በመጀመሪያዎቹ መቶ ምናምን ጊጋባይት ስለሚጋለጥ 300 ጊጋባይት ብቻ እንዲጽፍ አድርጉት፤ ለዚህ ግማሽ ቀን ይበቃል። ስህተት ካሳየ ውጤቱን ፎቶ አንስታችሁ ከነደረሰኙ ይዛችሁ ሂዱ።

አስቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ ከአሁን ጀምሮ ምንም አትጻፉበት፣ ፎርማትም አታድርጉት። መጀመሪያ የሚከፈተውን ፋይል ሁሉ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ፣ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ከፍታችሁ እዩ። ስልካችሁ ላይ ያለውን ኦሪጅናል ከዚያ በፊት እንዳታጠፉ።