በድሬዳዋ ሙቀት የቀመስነው የአልዛስ ነጭ ወይን ጠጅ

ነጭ ወይን ጠጅ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ኮምጠጥ የሚል፣ ሽታው እምብዛም የማይለይ፣ ለቅዝቃዜው ብቻ የሚፈለግ መጠጥ ነው። ከምሥራቅ ፈረንሳይ፣ ከአልዛስ የሚመጣው ጌቩርትስትራሚነር ግን ቡሹ እንደተነቀለ፣ ገና ወደ ብርጭቆ ሳይቀዳ፣ መዓዛው ይቀድማል። ዘመድ ያመጣልንን አንድ ጠርሙስ ሰሞኑን ከዚራ በሚገኘው ቤታችን በረንዳ ላይ ከፍተን ነበር፤ በሪክቪር መንደር ከ1639 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወይን ጠጅ ሲሠራ የኖረው የሁጌል ቤተሰብ ምርት ሲሆን ቢጫ ምልክት ተለጥፎበታል።

መዓዛው ከወይኑ ፍሬ የመጣ እንጂ የተጨመረ አይደለም። ፍሬው ነጭ ወይን ጠጅ ይሠራበት እንጂ ሲበስል ልጣጩ ሮዝ ቀለም ይይዛል፤ መጠጡም ከሌሎች ነጮች ይልቅ ወደ ወርቅማነት የሚያደላው ለዚህ ነው። የስሙ የመጀመሪያ ክፍል በጀርመንኛ ቅመም ማለት ሲሆን ሁለተኛው በሰሜን ጣልያን ከምትገኘው ከትራሚን መንደር የተወሰደ ነው። አልዛስ ከ1871 እስከ 1918 እ.ኤ.አ. በጀርመን ሥር የቆየ አገር በመሆኑ ስሙ ጀርመንኛ መሆኑ አይገርምም። የቮዥ ተራሮች ከምዕራብ የሚመጣውን ዝናብ ስለሚያግዱ ፍሬው እስከ መከር ማብቂያ ሳይበሰብስ ዛፉ ላይ ይቆያል፤ በዚህ ብስለት ስኳሩ ይጨምራል፣ ኮምጣጣነቱ ይቀንሳል፣ አልኮሉም ብዙ ጊዜ 13 ወይም 14 በመቶ ይደርሳል።

የውጭ ጸሐፊዎች ሽታውን ላይቺ ከሚባለው የእስያ ፍሬ ጋር ያመሳስሉታል። ማመሳሰላቸው ከመሬት የተነሣ አይደለም፤ ለጽጌረዳ ሽታ ከሚሰጡት ንጥረ ነገሮች አንዱ የሆነው ሮዝ ኦክሳይድ በላይቺ ውስጥም ሆነ በዚህ ወይን ጠጅ ውስጥ ይገኛል። ለእኛ ግን ከሐረር በኩል የሚመጣው፣ ጣት ሲነካው የሚሰረጉድ የበሰለ ጊሽጣ ይበልጥ ይቀርበናል፤ ከበስተኋላው ደግሞ የዝንጅብልና የቅርንፉድ ጠረን ይከተላል።

ከዚህ ቀደም ግን ይኸው ዓይነት ወይን ጠጅ እጅግ አሳዝኖኛል። ከአንድ ሱቅ የገዛሁት ጠርሙስ ፀሐይ በሚያገኘው የመስታወት መደርደሪያ ላይ ለወራት ቆሞ የከረመ ኖሮ፣ ስከፍተው ቀለሙ ጠቁሮ፣ ጽጌረዳው ጠፍቶ፣ የተቃጠለ ማር የሚመስል ሽታ ብቻ ቀርቶት ነበር። መዓዛው ዋና ሀብቱ ለሆነ መጠጥ እንደ ድሬ ያለ ሙቀት ጠላቱ ነው፤ ስለዚህ ከመግዛቴ በፊት ጠርሙሱ የት እንደተቀመጠ መጠየቅ ልማዴ አድርጌዋለሁ።

በዚህኛው ጠርሙስ የፍየል ሥጋ በሩዝ በላን፣ ብስባስ የሚባለው የቃሪያ ማባያም ከጎን ቀርቦ ነበር። ከሄልና ከከሙን ሽታ ጋር ወይን ጠጁ እጅ ለእጅ ተያይዞ ሄደ፤ በውስጡ ያለው ጥቂት ጣፋጭነት የሩዙን ቅመም ከፍ አደረገው። ብስባሱ ሲበዛ ግን ነገሩ ተለወጠ፤ አልኮሉ የቃሪያውን ማቃጠል አባባሰው፣ አንደበታችንም ጽጌረዳውን መለየት አቃተው። በባቡር ድርጅት ዘመናቸው ፈረንሳይኛ የተማሩት ጡረተኛው ጎረቤታችን ጠርሙሱን አገላብጠው እያዩ፣ «ልጄ፣ ለበርበሬ ምግብ ‹ሴክ› የሚለውን ተይው፤ እሱ ደረቅ፣ ጣፋጭነት የሌለው ማለት ነው። ‹ሙዋልዩ›፣ ጣፈጥ ያለ የሚለውን ፈልጊ» አሉኝ። እኔም በዚህ እስማማለሁ፤ ለቀይ ወጥና ለብስባስ ጣፈጥ የሚለው ይሻላል፣ ደረቁ ለሩዝና ለአልጫ ይሁን።

አቀራረቡ ላይ ግን ቸል ማለት አይገባም። ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ቀዝቅዞ ሲቀዳ ሽታው ጥርት ብሎ ይሰማል፤ እኛ በረንዳ ላይ ብርጭቆውን ሞልተን ስንጫወት ግን ብዙም ሳይቆይ ሞቀና አልኮሉ አፍንጫ መምታት ጀመረ። ከዚያ በኋላ ጠርሙሱን በረዶና ውኃ በያዘ ባልዲ ውስጥ አኑረን ጥቂት ጥቂት እየቀዳን ጠጣን፣ የመጨረሻውም ብርጭቆ እንደ መጀመሪያው ሆነ። ኮምጣጣነቱ አነስተኛ በመሆኑ ተራው ዓይነት ለረጅም ዘመን የሚቀመጥ አይደለም፤ ስለዚህ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው የምርት ዘመን ቅርብ የሆነውን መርጦ፣ ገዝቶም ሳያቆዩ መጠጣት ይበጃል።