አዮን፦ የጥልቅ ሕዋ ኢንተርኔት ሶፍትዌር ሲገመገም

በካሊፎርኒያ የሚገኘው የናሳ ጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ያዘጋጀው አዮን በነጻ የሚገኝ ሶፍትዌር ሲሆን፣ ሊኑክስ የተባለው ሥርዓተ ክወና በተጫነበት ተራ ላፕቶፕም ይሠራል። የለመድነው የኢንተርኔት አሠራር ላኪና ተቀባይ በቅጽበት እንዲመላለሱ ስለሚፈልግ፣ ምልክት በብርሃን ፍጥነት እየተጓዘ እንኳ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ በሚፈጅበት የምድርና የማርስ መስመር ላይ አያዛልቅም። አዮን ግን ባንድል የሚባለውን የመልእክት ጥቅል በየጣቢያው አስቀምጦ፣ ቀጣዩ መስመር ሲከፈት ያስተላልፈዋል።

እጅግ የማረከኝ የግንኙነት መርሐ ግብሩ ነው። የትኛው ጣቢያ ከየትኛው ጋር፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚገናኝ፣ ርቀቱም በብርሃን ሰከንድ (ብርሃን በአንድ ሰከንድ በሚጓዘው ርቀት) ተለክቶ አስቀድሞ ይጻፍለታል፤ መንኰራኩር ከፕላኔት ጀርባ የምትሰወርበት ሰዓት ቀድሞ የሚታወቅ በመሆኑ፣ ይህ አሠራር ከሕዋ ጠባይ ጋር በሚገባ ይስማማል። መስመሩ ዝግ በሆነበት ሰዓት ፋይል ብልክበት፣ ፋይሉ ሳይጠፋ ቆይቶ የመክፈቻው ጊዜ ሲደርስ በራሱ ተሻገረ፤ ይህን በዓይን ማየት ትልቅ ደስታ ነው።

ጉድለቱ አዘገጃጀቱ ላይ ነው፤ ሁሉም ነገር በትእዛዝ የሚጻፍ ከመሆኑም በላይ መመሪያው ባለሙያን ታሳቢ ያደረገ ስለሆነ ጀማሪን ያደክማል። ያም ሆኖ ኔትወርክ ለሚማሩ ሁሉ ያለማመንታት እመክረዋለሁ፤ ለመጀመሪያው ሙከራ ሁለት ኮምፒውተሮች ይበቃሉ።