ቤቴ ቻርጀር የለኝም፦ 14 ወር በሕዝብ ቻርጀሮች ብቻ

የኤሌክትሪክ መኪና እንደምነዳ ያወቀ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «አንዴ ከሞላ ስንት ኪሎሜትር ይሄዳል?» ብሎ ነው። መኪናውስ ጥሩ ነው። በ14 ወር ውስጥ ጎማውን አየር ከማስሞላትና የመስታወት ውሃ ከመጨመር ሌላ ምንም አልጠየቀኝም። እኔ ብጠየቅ የምወደው ጥያቄ ሌላ ነው፦ «የት ነው የምትሞላው?»

የምኖረው ጋራዥ በሌለው ሕንጻ ላይ ነው። ግድግዳ ላይ የራሴን ቻርጀር የምሰቅልበት ቦታ የለኝም። እስከ ዛሬ የነዳሁት እያንዳንዱ ኪሎሜትር ከሕዝብ ቻርጀር የተቀዳ ነው። ቤቱ የሚሞላ ሰው ጠዋት ሲነሳ መኪናው ሞልቶ ይጠብቀዋል። የሕዝብ ቻርጀር ትዝ የሚለው ሩቅ መንገድ ሲወጣ ነው። እኔ ግን በሳምንት ሁለቴ ደጁን እጠናለሁ። ስለዚህ የምገመግመው መኪናውን ሳይሆን የሕዝብ ቻርጀሩን ነው።

ሁለተኛው ወር ላይ ያጋጠመኝን ላስቀድም። ሌሊት ነው፤ ዝናብ ይጥላል። ባትሪው 9 በመቶ ላይ ደርሷል። የቻርጀር አፑ ካርታ ላይ ሁለት ፈጣን ቻርጀሮች ነበሩ፣ ሁለቱም አረንጓዴ፣ ማለትም ይሠራሉ። ስደርስ የአንዱ ስክሪን ጨልሟል። ሁለተኛው በርቷል። ሰካሁ። «ከመኪናው ጋር በመገናኘት ላይ» አለ። ትንሿ ክብ ዞረች፣ ዞረች፣ ከዚያ «ስህተት» ብሎ ተወው። ነቅዬ እንደገና ሰካሁ፤ ያው ነው። ሦስተኛም ሞከርኩ። የሚቀጥለው ጣቢያ ከ40 ኪሎሜትር በላይ ይርቃል፤ በቀረኝ ባትሪ ደግሞ እሱን አልሞክረውም።

ከኋላዬ መኪናቸው ውስጥ ሆነው ተራ የሚጠብቁ እናት ወረዱ። «ልጄ፣ ራሱን ከታች ደግፈህ ወደ ላይ ያዘው። እስኪቆልፍ እንዳትለቀው» አሉኝ። የገመዱን ራስ በሁለት እጄ ደግፌ ያዝኩ። መኪናው በኩል «ቀጭ» አለ። ትንሽ ቆይቶ ከማሽኑ ሆድ ውስጥ ከበድ ያለ «ጧ» ተሰማ። ማራገቢያዎቹ ተነሱ። ስክሪኑ ላይ የመሙላቱ ፍጥነት 12 ኪሎዋት፣ 38፣ 71 እያለ ወጣ። ሴትዮዋን እንዴት ብዬ እንደማመሰግናቸው ጠፋኝ።

ነገሩ ምን እንደሆነ በኋላ ገባኝ። ፈጣን ቻርጀር ኤሌክትሪክ ከመልቀቁ በፊት ከመኪናው ጋር ይነጋገራል። ስንት ቮልት ትፈልጋለህ፣ ስንት አምፔር ትችላለህ፣ መሰኪያው ተቆልፏል ወይ፣ ኤሌክትሪክ የሚያፈስ ቦታ አለ ወይ። ይህ ወሬ የሚያልፈው በትንንሽ ፒኖች ነው። ገመዱ ወፍራምና ከባድ ነው። በጣም ኃይለኞቹ ውስጥማ ገመዱን የሚያቀዘቅዝ ፈሳሽ ጭምር ይዞራል። ያ ሁሉ ክብደት ራሱን ወደ ታች ሲጎትተውና መሰኪያው ትንሽ ያረጀ ሲሆን ፒኖቹ በደንብ አይነካኩም። ወሬው ከተቋረጠ ኤሌክትሪክ የለም። ዛሬም አልቆልፍ ያለ ቻርጀር ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የማደርገው ያንኑ ነው፤ ከታች ደግፌ እይዛለሁ። ብዙ ጊዜ ይሠራል።

ዋናው ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። ያ ማሽን በባለቤቱ መዝገብ ላይ ጤነኛ ነበር። በርቷል፣ ኔትወርክ አለው፣ አረንጓዴ ነው። ለእኔ ግን ለሃያ ደቂቃ ያህል ብረት ነበር። «አፕታይም» የሚሉት ቁጥር ማሽኑ ለሥራ ዝግጁ ነኝ ያለበትን ጊዜ እንጂ መኪናዬ መሙላቱን አይቆጥርም። በ2022 የወጣ የበርክሌይ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት ይህን በደንብ አሳይቷል። በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ በሚገኙ 181 የሕዝብ ፈጣን ቻርጅ ጣቢያዎች እየዞሩ 657 መሰኪያዎችን አዩ። መስፈርታቸው ቀላል ነበር፦ ማሽኑ መኪና ለሁለት ደቂቃ መሙላት ይችላል ወይ? የቻሉት 72.5 በመቶ ብቻ ናቸው። ኩባንያዎቹ በዚያን ጊዜ የሚናገሩት ከ95 እስከ 98 በመቶ ነበር። የቀሩት የማይመልስ ስክሪን፣ የማይቀበል ካርድ ማንበቢያ፣ የጠፋ ኔትወርክ፣ የተሰበረ መሰኪያ ነበራቸው። ከጠቅላላው 4.9 በመቶ የሚሆኑት ደግሞ ገመዳቸው አጥሮ መኪናው ጋ አልደረሰም። ይቺን የመጨረሻዋን ሳነብ ራሴን ነቀነቅሁ። እኔም መኪናዬን በአግድም አቁሜ፣ የጎረቤቱን ቦታ ግማሽ ይዤ የሞላሁባቸው ቀኖች አሉ።

መንግሥታት ነገሩን ሰምተውታል። አሜሪካ በፌደራል ገንዘብ ለሚሠሩ ቻርጀሮች 97 በመቶውን ጊዜ ይሥሩ የሚል ግዴታ አወጣች። ብሪታንያ ከኅዳር 2024 ጀምሮ ባለ 50 ኪሎዋትና ከዚያ በላይ ቻርጀሮች ያሏቸው ኔትወርኮች፣ ማለትም የአንድ ኩባንያ ቻርጀሮች በጠቅላላ፣ በአማካይ 99 በመቶውን ጊዜ እንዲሠሩ በሕግ ጠየቀች። ጥሩ ነው፤ ከልቤ ደስ ይለኛል። ግን የኔትወርክ አማካይ ነው። ብዙ ጤነኛ ማሽኖች መሐል ተበላሽቶ የቆመው አንዱ እኔ መንገድ ላይ ያለው ከሆነ አማካዩ አያሻግረኝም።

ስለዚህ ጣቢያ የምመርጥበት መንገድ ተቀየረ። መጀመሪያ ላይ ትልቁን ቁጥር ነበር የማሳድደው። 350 ኪሎዋት የሚል ካየሁ 50 የሚለውን አልፌ እሄድ ነበር። አሁን የማየው የማሽኖቹን ብዛት ነው። ስምንት ማሽን ያለበት ጣቢያ ሁለቱ ቢበላሹ ስድስት ይቀራሉ። አንድ ብቻ ያለበት ጣቢያ ሲበላሽ ጣቢያ አይደለም። ይህን የሚነግረኝ ሰው መጀመሪያውኑ ባገኝ ብዙ ምሽት ይተርፈኝ ነበር።

ደግሞ ትልቁ ቁጥር የእኔ አይደለም። ማሽኑ የሚሰጠው መኪናው የሚጠይቀውን ያህል ነው። የመኪናዬ ባትሪ 400 ቮልት ገደማ ነው። የተለመደው የፈጣን ገመድ ጣሪያ ደግሞ 500 አምፔር ነው። ሁለቱን ብታባዛ 200 ኪሎዋት ነው። ስለዚህ 350 የሚለው ጽሑፍ ባለ 800 ቮልት መኪና ለሚነዱ ነው። የእኔዋ በተሻለ ቀኗ 130 ትነካለች፣ እሱም ለጥቂት ደቂቃ። ባትሪው ባዶ ሲሆን በኃይል ይቀበላል፤ እየሞላ ሲሄድ እየቀነሰ ይመጣል። ከ10 እስከ 80 በመቶ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስድብኛል። ከ80 እስከ 100 ያለው ከዚያ ይበልጣል። አዲስ ገዢ ሁሉ ይህን ቢያውቅ ወረፋው በግማሽ የሚቀንስ ይመስለኛል። 80 ላይ ነቅሎ መሄድ ለራስም ይጠቅማል፣ ከኋላ ለቆመውም።

ፍጥነቱ ባልጠበቅከው ቀን ሲወርድ ሁሌ የመኪናው ጥፋት አይደለም። ብዙ ጣቢያ ላይ ሁለት ገመዶች አንድ ኃይል ይካፈላሉ። ጎረቤት ሲሰካ የእኔ ይወርዳል። ሌላም አለ። ፈጣን ቻርጀር ውስጡ ተደርድረው አብረው የሚሠሩ ትንንሽ የኃይል ክፍሎች አሉ። አንዱ ሲቃጠል ማሽኑ አይቆምም፤ በቀረው ይሠራል። ውጭው 150 ይላል፣ ውስጡ 90 ቀርቶታል። ካርታው ላይ ያው አረንጓዴ ነው።

ብርድም አለ። ባትሪው ሲቀዘቅዝ ቶሎ መሙላት ይጎዳዋል፤ ሊቲየሙ ወደ ውስጥ መግባቱን ትቶ ላይ ላዩን ይለጠፋል። መኪናው ይህን ስለሚያውቅ ራሱ ፍጥነቱን ይገድባል። በብርድ ጠዋት 30 ኪሎዋት ላይ ተቸንክሬ ማሽኑን የተሳደብኩበት ጊዜ ነበር፤ ማሽኑ ግን ምንም አላጠፋም። መፍትሔው ጣቢያውን በመኪናው ናቪጌሽን ላይ መድረሻ ማድረግ ነው። እንደ እኔዋ ያለ መኪና እዚያ እስክትደርስ ባትሪውን ታሞቀዋለች። በስልክ ካርታ ከሄድክ ግን መኪናዋ ልትሞላ እንደሆነ አታውቅም።

አሁን ወደ ክፍያ ልምጣ፤ ከልብ የሚያናድደኝ እሱ ነው። ስልኬ ላይ 9 የቻርጀር አፕ አለ። እያንዳንዱ የይለፍ ቃል ይፈልጋል። እያንዳንዱ ካርዴን ያውቃል። አንዳንዶቹ ቀድሞ ገንዘብ ካልተሞላባቸው አይንቀሳቀሱም፤ ስለዚህ የማልጠቀምበት ቀሪ ሂሳብ እዚህም እዚያም ተበታትኗል። አንድ ጣቢያ ምድር ቤት ፓርኪንግ ውስጥ ነው። የስልክ ኔትወርክ እዚያ አይደርስም። ማሽኑ የሚከፈተው ግን በስልክ ብቻ ነው። ሰክቼ፣ ደረጃ ወጥቼ፣ አፑን ከፍቼ «ጀምር» ብዬ ስመለስ ጊዜው አልፎ ዘግቷል። ሁለቴ ተመላለስኩ። በሌላ ቀን ደግሞ አንድ ኩባንያ ያልጀመረ ቻርጅ አስከፈለኝ። የእርዳታ ስልካቸው ላይ ያነሳችው ልጅ ትሁት ነበረች፤ ማሽኑን ከሩቅ አጥፍታ አበራችው፣ ሠራም። ገንዘቡ ግን የተመለሰው ከሦስት ሳምንትና ከአራት ደብዳቤ በኋላ ነው።

ይህ መፍትሔ የሌለው ነገር አይደለም፤ የሚያናድደውም ለዚህ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ አዲስ የሚተከል ባለ 50 ኪሎዋትና ከዚያ በላይ የሕዝብ ቻርጀር ያለ ምዝገባ የባንክ ካርድ እንዲቀበል አስገድዷል። ከዚያም የተሻለ አለ። አይኤስኦ 15118 በሚባለው ዓለም አቀፍ የቴክኒክ ደረጃ የሚሠሩ አንዳንድ መኪኖችና ማሽኖች ገመዱ እንደተሰካ ይተዋወቃሉ። አፕ የለም፣ ካርድ የለም። መኪናዬ ይህን ከሚቀበል አንድ ኔትወርክ ጋር ትሠራለች። እዚያ ስሄድ ሰክቼ ዞር እላለሁ። ልዩነቱን ለማስረዳት ይከብደኛል፤ እቃ ከማስገደድ ወደ እቃ መጠቀም የመሻገር ያህል ነው።

የመሰኪያው ዓይነት ነገር ለእኔ ያን ያህል አላስቸገረኝም። መኪናዬ ሲሲኤስ 2 የሚባለው መሰኪያ ነው ያላት፤ የምሄድባቸው ጣቢያዎችም በብዛት እሱ አላቸው። ለሌሎች ግን ከባድ ነው። የጃፓኑ ቻዴሞ ያለው መኪና የሚነዳ ጓደኛ አለኝ፤ ለእሱ የሚሆነው ገመድ በየጣቢያው አንድ ነው፣ አንዳንዱም ጋ ጭራሽ የለም። የቻይናው ጂቢ/ቲ ከአገሩ ውጭ ሲወጣ አዳፕተር ፍለጋ ነው። ሰሜን አሜሪካ ደግሞ ከ2023 ጀምሮ ኩባንያዎቹ ተራ በተራ ወደ ቴስላ መሰኪያ ዞረዋል። ያገለገለ መኪና የምትገዛ ከሆነ ከዋጋው በፊት ቀዳዳውን እይ።

በእነዚህ 14 ወራት የተሻሻለ ነገር የለም ብል ግን እዋሻለሁ። ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ እንደሚለው በ2024 ብቻ ከ1.3 ሚሊዮን በላይ የሕዝብ ቻርጀር ተጨምሯል፤ አብዛኛው በቻይና። እኔም በዓይኔ አያለሁ። አዳዲሶቹ ጣቢያዎች ብዙ ማሽን፣ ረዘም ያለ ገመድ፣ መብራትና ጣሪያ አላቸው። ጣሪያ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሌሊት በዝናብ ሁለት እጁ ገመድ ይዞ የቆመ ሰው ያውቀዋል።

የሚያሳስበኝ አሮጌዎቹ ናቸው። አዲስ ሲመረቅ ፎቶ ይነሳል፤ የተሰበረ መሰኪያ ሲቀየር ግን ማንም አያይም። እኔ ብጠየቅ ለአንድ ዓመት አዲስ መትከሉን ቀነስ አድርገው ያለውን ቢጠግኑ እመርጣለሁ።

መኪናዋን እንደገና እገዛት ነበር ወይ? አዎ፣ እገዛታለሁ። ቤት ውስጥ መሙያ የሌለው ጓደኛዬ ልግዛ ቢለኝ ግን መጀመሪያ ሰፈሩ ያሉትን ቻርጀሮች በተለያየ ሰዓት ሦስት አራት ጊዜ ሄዶ እንዲያይ እነግረዋለሁ። ማሽኑ ፊት ቆሞ ስክሪኑን ይይ፣ የሚሞላ ሰው ካገኘም ይጠይቅ። እኔ መጀመሪያ የተበላሸብኝ፣ ስክሪኑ የጨለመው ማሽን እስከ ባለፈው ሳምንት እዚያው ነበር። ማክሰኞ ሳልፍ አንድ ቴክኒሻን ሽፋኑን ከፍቶ ተንበርክኮ አየሁት። አቁሜ ወረድኩና «ይሠራል?» አልኩት። «ዛሬ ማታ ና፣ ሞክረው» አለኝ። ማታ ሄድኩ። 22 በመቶ ነበርኩ። ከታች ሳልደግፈው ቆለፈ።